ያልተዘጋ መዝገብ፦ የደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ ሕይወት

በዚህ ዜና መጽሔት ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስ፣ ስለ በግ ማደለብና ስለ ጓሮ አትክልት ነው። በዚህ እትም ግን ስለ አንድ ደራሲና ጋዜጠኛ ልጽፍ ፈለግሁ። ሰውየው የወግዲ ሰው አይደለም፤ የወሎም አይደለም። ሆኖም ታሪኩ እኛን የሚነካበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ እርሱ በጠፋበት ዓመት በወሎ ሕዝብ ላይ የደረሰው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሚስቱና ልጆቹ የገቡበት ጭንቀት ዛሬ በየቀበሌያችን ያሉ ሴቶች የሚያውቁት ጭንቀት መሆኑ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከልደቱ ልጀምር።

ከሱጴ እስከ አዲስ አበባ

በዓሉ ግርማ የተወለደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኢሉባቦር፣ ሱጴ በምትባል ቦታ ነው። አባቱ ለንግድ ወደ አገራችን የመጣ ሕንዳዊ ነበር፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት። ግርማ የሚለው ስም የወለደው አባቱ ስም አይደለም፤ ያሳደጉት ሰው ስም ነው። ልጅ ሳለ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዘነበ ወርቅ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም ጎበዝ ተማሪዎች ተመርጠው ይገቡበት በነበረው በጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲማር የተማሪዎቹን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። ከዚያም አሜሪካ ሄዶ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ሠራ።

ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራው ጋዜጠኝነት ሆነ። በመነን መጽሔት ሠርቷል፤ የአዲስ ሪፖርተር፣ የእንግሊዝኛው የኢትዮጵያን ሄራልድና የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅም ሆኗል። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደረሰ። ይህ ማዕረግ ከሚኒስትሩ ቀጥሎ ያለ ትልቅ ወንበር ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በረሃ ገብቶ መንግሥትን የተዋጋ ወይም ከውጭ አገር ሆኖ የተቃወመ አይደለም። ደመወዙን ከመንግሥት የሚቀበል፣ በመንግሥት ጋዜጦች የሠራ፣ ሹማምንቱን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነበር። ታሪኩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ የደረሰበት ነገር የመጣው ሲያገለግለው ከኖረው ቤት ነውና።

መጽሐፎቹ

በዓሉ ቀን ቀን ቢሮ እየዋለ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፉ ከአድማስ ባሻገር በ1962 ዓ.ም. ወጣ። አበራ ወርቁ የተባለ የመንግሥት ሠራተኛ የቢሮ ሥራውን ትቶ ሠዓሊ ለመሆን የሚመኝበት፣ ከራሱም ከቤተሰቡም ጋር የሚታገልበት ታሪክ ነው። ቀጥሎ በ1966 ዓ.ም. የህሊና ደወል ታተመ። ይህኛው በተለይ እንደ እኛ ባለ አካባቢ ለሚኖር አንባቢ ቅርብ ነው። ሐዲስ ሳህሌ የተባለ መምህር ወደ ሱጴ ሄዶ ከሕዝቡ ጋር ትምህርት ቤት ለማሠራት ሲደክም ያሳያል። ገንዘብ የሚያዋጣው፣ የሚጠራጠረው፣ የሚያደናቅፈው፣ ሥራው ሲያልቅ ቀድሞ የሚያመሰግነው ሁሉ አለበት። ማኅበር አቋቁማ የምታውቅ ሴት ብታነበው ሰዎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ደራሲው ይህን ሥራ በኋላ አስፋፍቶ ሐዲስ በሚል ስም እንደገና አሳትሞታል። ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ የቀይ ኮከብ ጥሪና ደራሲው የተባሉትን መጻሕፍት ጻፈ።

ሕይወቱን የቀየረው ግን የመጨረሻው መጽሐፍ ነው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የኤርትራን ጦርነት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ እጨርሳለሁ ብሎ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ጀመረ። ባለሥልጣናቱ ወደ አስመራ ወረዱ። በዓሉም ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አብሮ ሄደ። ዘመቻው ናቅፋን መያዝ ሳይችል ከሸፈ፤ ከሁለቱም ወገን የብዙ ወጣት ሕይወት ጠፋ። በዓሉ እዚያ ያየውን ይዞ ተመለሰና ኦሮማይ የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ቃሉ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰዎች አንደበት የገባ ሲሆን፣ በቃ፣ አለቀለት፣ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም እንደ ማለት ነው።

ታሪኩን የሚተርከው ፀጋዬ ኃይለማርያም የተባለ ጋዜጠኛ ነው። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ቀርታ እርሱ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያም ፊያሜታ ከተባለች የአስመራ ወጣት ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ፍቅሩም ዘመቻውም በሐዘን ያልቃሉ። ሹማምንቱን ያስቆጣው ግን የፍቅሩ ታሪክ አይደለም። በስብሰባ የሚፎክሩት፣ እርስ በርስ የሚጠላለፉት፣ ወታደሩ በረሃ ላይ እያለቀ እነርሱ በሆቴል የሚዝናኑት ገጸ ባሕርያት እነማን እንደሆኑ አንባቢ ሁሉ ማወቁ ነው። ስማቸው ቢቀየርም መልካቸው አልተቀየረም ነበር።

መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። ከዚያ በኋላ ኦሮማይ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይነበብ ጀመር። መጽሐፍ ሲታገድ ተፈላጊነቱ እንደሚጨምር ያገዱት ሰዎች የዘነጉት ይመስላል።

ከእርሱ በፊትም እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ከእኛ ዓባይን ተሻግሮ የጎጃሙ ተወላጅ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. አልወለድም የተባለውን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መጽሐፉን አግዶ ደራሲውን ወደ ጎሬ አጋዘው። ጎሬ ያለችው በዓሉ በተወለደበት በኢሉባቦር ነው። አቤ ግን ቢጋዝም የት እንዳለ ይታወቅ ነበር፤ ተመልሶም ብዙ መጻሕፍት ጽፏል። የበዓሉ ከዚህ ይለያል።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

በዚህ ቀን፣ ማክሰኞ፣ በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ሰውየው አልተገኘም። አልተከሰሰም፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ ጥፋቱ ይህ ነው ብሎ የነገረው ዳኛ የለም፤ ሞተ ብሎ ለቤተሰቡ የነገረም የለም። ደርግ ከወደቀ ወዲህ እንኳ አስከሬኑ ተገኝቶ በወግ አልተቀበረም። ባለቤቱ ወይዘሮ አልማዝ አበራ ከሦስት ልጆች ጋር ቀረች።

በሂሳብ ሥራ አንድ መዝገብ የሚዘጋው ገቢውም ወጪውም በሰነድ ሲረጋገጥ ነው። ሰነድ የሌለው ነገር ዓመት ከዓመት እየተንከባለለ ይሄዳል፤ አይሰረዝም፣ አይወራረድም። የአንድ ሰው ሕይወት በዚህ ዓይነት ሲንጠለጠል ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሰው ሲሞት በእኛ ባህል ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ይቀበራል፣ አርባው ይወጣል፣ ተዝካሩ ይደገሳል። በሩቅ አገር የሞተም ከሆነ መርዶው ተነግሮ ይለቀሳል፤ እርም ይወጣል። የጠፋ ሰው ግን እርሙ አይወጣም። ሚስት ሞቷል እንዳትል አስከሬን አላየችም፤ አለ እንዳትል ድምፁን አልሰማችም። በር ሲንኳኳ ሁሉ ልቧ ይነሣል።

ሰውን የሚያጠፉ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። እስረኛ ጠበቃ አለው፣ ስንቅ የሚያቀብለው አለው፣ የሚፈታበት ቀን አለው። የተገደለ ሰው መቃብር አለው። የጠፋ ሰው ግን ምንም የለውም፤ ቤተሰቡም ይበልጥ እንዳይደርስበት በመፍራት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸውን ያጡ የወሎ እናቶችም ይህን ዝምታ ያውቁታል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ልጃቸው የት እንደተቀበረ ሳያውቁ አልፈዋል።

ጋዜጠኛ ሲጠፋ የሚከፍለው ማነው?

አሁን በመግቢያዬ ወዳነሣሁት የመጀመሪያ ምክንያት ልምጣ። በዓሉ የጠፋው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በወሎና በትግራይ ድርቅ ጠንቶ ሰው ከቀዬው መፍለስ ጀምሮ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለዓለም የእርዳታ ጥሪ አቅርቧል። በአገር ውስጥ ግን ጎልቶ ይሰማ የነበረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ዝግጅት ነው። መስከረም 1977 ላይ አዲስ አበባ በባንዲራና በሐውልት አሸብርቃ በዓሉ በድምቀት ተከበረ። ከአንድ ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1977፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሁሉ ደነገጠ። የእኛን ረሃብ ለዓለም ያሳየው የውጭ ጋዜጠኛ ነው።

ይህ ሁለተኛ ጊዜ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ይዞት ነበር፤ በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያቀረበው ፊልም ነው የገለጠው። የመንግሥት ጋዜጦች እያሉ፣ የተማሩ ጋዜጠኞች እያሉ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር በዓሉም ከእነዚያ ጋዜጦች በአንዱ ላይ ይሠራ ነበር። ጋዜጣ የመንግሥት ብቻ ሲሆን ጎበዝ ሰው ቢቀመጥበትም የሚናገረው የተፈቀደለትን ነው። በዓሉ በጋዜጣ ሊጽፈው ያልቻለውን በልብ ወለድ ጻፈው፤ ዋጋውንም ከፈለ።

በቤንጋል የተወለደው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በፈረንጆቹ 1981 ባሳተመው መጽሐፍ የተለያዩ ረሃቦችን ጎን ለጎን መርምሯል። አንዱ እርሱ ልጅ ሆኖ ያየው የ1943ቱ የቤንጋል ረሃብ ነው፤ ሌላው የእኛው የወሎ ረሃብ ነው። ያገኘው ነገር ለእኛ ለሂሳብ ሰዎች ግልጽ ነው። በወሎ ሰው ያለቀው በአገሪቱ እህል ጠፍቶ አልነበረም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ ገበሬው ግን ሰብሉ ስለጠፋና ከብቱ በርካሽ ስለሄደ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ሴን በኋላ በጻፋቸው ሥራዎች ደግሞ፣ ጋዜጦች በነጻነት በሚጽፉበትና መሪዎች በምርጫ በሚጠየቁበት አገር ትልቅ ረሃብ እንዳልደረሰ አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጋዜጠኛው ቀድሞ ይናገራል፤ መሪው ምርጫ ስለሚፈራ ቶሎ እህል ይልካል። ጋዜጠኛው በፈራበት አገር ግን ድሀው ብቻውን ይሞታል፤ መንግሥትም የሚሰማው ቆይቶ ነው።

ስለዚህ የአንድ ደራሲ መጥፋት አዲስ አበባ ያሉ ምሁራን ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ማለፍ አንችልም። ደራሲን ያስፈራ መንግሥት መጽሐፍ የማታነበውን የወሎ እናትንም ጎድቷል። እርሷ የጮኸችውን የሚያደርስላት ሰው ነበር የጠፋው።

የእኛ መዝገብ

ሁለተኛው ምክንያት ከቤታችን ነው። በወግዲና በአጎራባች ወረዳዎች ባሏ፣ ወንድሟ ወይም ልጇ የት እንዳለ የማታውቅ ሴት ብዙ ናት። አንዱ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ የመንና ሳዑዲ እንደሄደ ድምፁ ጠፍቷል። ሌላው በጦርነቱ ዘምቶ አልተመለሰም። ምክንያቱ ከበዓሉ ቢለይም ሴቲቱ የተቀመጠችበት ወንበር አንድ ነው። የመሬት ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ አለ፤ ማከራየት ስትፈልግ ባልሽ ይምጣ ትባላለች። በስሙ ያለውን የባንክ ሂሳብ ማንቀሳቀስ አትችልም። ብድር ስትጠይቅ ባለትዳር ነሽ ትባላለች፤ የባልቴት ድጋፍ ስትጠይቅ ደግሞ ባልሽ አልሞተም ትባላለች። በሁለቱም በኩል መዝገቡ ክፍት ነው።

ሕጋችን ለዚህ መንገድ አለው፤ ብዙዎቻችን ግን አናውቀውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 154 ጀምሮ ስለ ጠፋ ሰው ይናገራል። አንድ ሰው ከጠፋና ለ2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት ጠፍቷል ብሎ እንዲወስንለት ማመልከት ይችላል። ውሳኔው ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፤ የንብረትና የውርስ ጉዳይም በሕግ ፊት ሊታይ ይችላል። ሰውየው በሕይወት ከተመለሰ ውሳኔው ይቀራል፤ ንብረቱንም ባለበት ሁኔታ ይረከባል። የእርሻ መሬት የራሱ አዋጅ ስላለው ዝርዝሩን የሕግ ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ሐሳብ በማኅበራችን ሳነሣ አንዳንድ እኅቶች በሕይወት ያለን ሰው በራሴ እጅ ገደልሁት ማለት አይሆንብኝም ወይ ይላሉ። ይህ ስሜት ሊናቅ አይገባም። የበዓሉ ግርማ ቤተሰብም፣ የቀይ ሽብር እናቶችም ተስፋ የቆረጡበትን ቀን በካሌንደር ላይ ማመልከት አይችሉም። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የሚለው ሞቷል አይደለም፤ ጠፍቷል ነው። ይህ እውነት ነው፤ እውነቱን በጽሑፍ ማስፈር ተስፋን አያስቀርም። ልጆቹ ግን ባልተዘጋ መዝገብ ምክንያት እንዳይራቡ ያደርጋል። ማመልከት የማትፈልግም መብቷ ነው፤ አውቃ ብትመርጥ ይሻላል።

ከዚህ በመነሣት ለአባላት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማኅበራችን ከቁጠባ መዝገቡ አጠገብ አንድ ሌላ መዝገብ ይክፈት። ቤተሰቧ የጠፋባት አባል ፈቃደኛ ከሆነች እነዚህ ነገሮች ይጻፉላት፦ የጠፋው ሰው ሙሉ ስም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀንና ቦታ፣ አብረውት የነበሩ ሰዎች፣ የመጨረሻው ስልክ የተደወለበት ቀን፣ ከቀበሌ የተገኘ ደብዳቤ ካለ ቅጂው። መዝገቡ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ከባለቤቷ ፈቃድ ውጭ ማንም አያንብበው። ጊዜ ሲረዝም ቀን ይረሳል፣ ምስክር ይሞታል፣ ስልክ ይጠፋል። ዛሬ የተጻፈ አንድ ገጽ ከ5 ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ፊት ብዙ ይሠራል። ደጋፊዎቻችንም ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተር፣ ቁልፍ ያለው ሳጥንና የአንድ የሕግ ባለሙያ ጥቂት ቀን ብቻ መሆኑን እንዲያውቁልን እንወዳለን።

በዓሉ ግርማ ከጠፋ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል። ኦሮማይን ያገደው መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። መጽሐፉ ግን በአደባባይ ተመልሶ ታትሟል፤ ደራሲ እንዳለጌታ ከበደ የበዓሉን ሕይወትና ሥራዎች በአንድ መጽሐፍ አሰባስቦ አቅርቧል፤ በፈረንጆቹ 2025 ደግሞ ኦሮማይ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ወጥቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዓሉን ያላጠፋው የጻፈው ወረቀት ነው። ከእኛም መካከል የጠፋባት ሰው ያላት እኅት የምታውቀውን በወረቀት ታስፍር፤ መጻፍ ካልቻለች የጽሕፈት ቤታችን በር ክፍት ነው፣ እንጽፍላታለን።